መርፌው ከክኒኔ ጋር ሲጋጭ

ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳ ደክሞኝ ነበር። ኪሎ ጨመርኩ፤ የወሲብ ፍላጎቴም ጠፋ። የመጀመሪያው ሐኪም ቴስቶስትሮኔ፣ ማለትም የወንድ ሆርሞኔ፣ ዝቅ ማለቱን አየና ወዲያው የቴስቶስትሮን መርፌ ሊያዝልኝ ነበር። ሁለተኛዋ ግን «ታይሮይድዎን፣ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ ተመርምረው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። በጭራሽ!

ታይሮይድን እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ታይሮይዴ ሰንፏል ማለት ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ፣ ቴስቶስትሮንን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲንም ይቀንሳል። ስለዚህ ጠቅላላው ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ይታያል። ታይሮይዱ ሲታከም ብቻውን የሚስተካከልላቸው ወንዶች አሉ። ይህን ሳያጣሩ መርፌ መጀመር እስካሁን ያንገበግበኛል።

የእኔ ቴስቶስትሮን ግን ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ወስጄም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ ተለካ። ከዚያ መርፌውን ጀመርኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ማታ ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ አነሳሁ። ውሃው ይርገበገባል። እጄ ነው። ልቤም ድው ድው ይላል። ለካ ቴስቶስትሮን በተራው የታይሮይድ ሆርሞን ተሸካሚውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ጤነኛ ታይሮይድ ያለው ሰው ሰውነቱ ራሱ ያስተካክለዋል። ክኒን ለሚውጥ ግን የለመደው መጠን ሊበዛበት ይችላል።

ሐኪሟ ክኒኑን ቀነሰችልኝ። ከ6 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ተስተካከለ። አሁን ለምርመራ ደም ስሰጥ ቴስቶስትሮኑንም ቲኤስኤቹንም አንድ ላይ አስለካለሁ፤ ደሜ እንዳይወፍርም ሄማቶክሪቱን፣ ማለትም የቀይ ደም ሴሎቹን ድርሻ፣ ጭምር።