ከደጋ ወደ ባሕር፦ የልጃችን ጆሮ ጉዳይ

ባለፈው ክረምት ባለቤቴና እኔ የ19 ወር ልጃችንን ይዘን ለአንድ ሳምንት ወደ ዛንዚባር ተጉዘን ነበር። ጉዞውን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ለማድረግ የወሰንነው በወጪ ምክንያት ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወላጁ ጭን ላይ ስለሚጓዝ የሚከፈልለት ከአዋቂው ዋጋ ጥቂቱ ብቻ ነው። ፓስፖርት ግን እንደ ማንኛችንም የራሷ ያስፈልጋታል፤ ለፎቶግራፉ አፏን ዘግታ ፊት ለፊት እንድትመለከት ለማድረግ ሦስት አዋቂዎች ደክመናል። የቢጫ ወባ ክትባቷንም ከመነሻችን ከ10 ቀን በላይ አስቀድመን አስከተብናት።

አማቴ ሊሸኙን ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ቤታችን መጥተው አድረው ነበርና፣ ገና ሳይነጋ የአጥሚቱን ፔርሙዝ እያቀበሉኝ፣ «አደራህን ልጄ፣ ጆሮዋን ነፋስ እንዳይመታት» አሉኝ። በልቤ ፈገግ አልኩ። ስለ ጆሮዋ አስቀድሜ በሚገባ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር።

ያነበብኳቸው ምክሮች አውሮፕላኑ ሲነሣም ሲያርፍም ሕፃኑ የሚውጠው ነገር ይሰጠው የሚሉ ነበሩ። እኔም ከቦሌ ስንነሣ አጥሚቱን በጡጦ እየሞላሁ አጠጣኋት፤ ጠጥታ ጠጥታ ያለ አንዳች ቅሬታ እንቅልፍ ወሰዳት። ምክሩ ሠራ ብዬ ለባለቤቴ በኩራት ተናገርኩ። ነገር ግን የሠራው ምክሩ ሳይሆን የትውልድ ቦታዋ ነበር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በበረራ ላይ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ዝቅ ቢል 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ይያዛል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ልጅ ሰማይ ላይ የምታገኘው አየር ቤቷ ከለመደችው ብዙም አይለይም። ምክሮቹ የተጻፉት በአብዛኛው ከዝቅተኛ ቦታ ለሚነሡ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም።

ለውጡ የመጣው ቁልቁል ስንወርድ ነው። በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ የመውረድ ያህል ሲሆን፣ የውጪው ግፊት እየጨመረ ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ካልተከፈተ የጆሮውን ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቱቦው የሚከፈተው በመዋጥና በማዛጋት ነው፤ የሕፃናት ደግሞ ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ አይከፈትም፣ የተኛ ሰውም ቶሎ ቶሎ አይውጥም። ልጃችን ጆሮዋን ይዛ እየጮኸች ስትነሣ ፔርሙዙ ባዶ ነበር። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ነገሩ ገብቷቸው ለስላሳ ቁራሽ ዳቦ ባይሰጡን ኖሮ እስክናርፍ ድረስ ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ጥቂት ጊዜ ከዋጠች በኋላ ለቅሶዋ ቀስ በቀስ በረደ።

የቀረው ቀሊል ነበር። ስለ ሰዓት ልዩነትና ስለ ሕፃናት እንቅልፍ መዛባት ያነበብኩትም አላስፈለገኝም፤ ዛንዚባርና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። እንዲያውም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት በመሆኑ፣ የቤቱ ጠባቂ ቁርስ «ሳ ምቢሊ» ሲለን ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነበር። ሙቀቱ ግን ለደጋ ልጅ ከበዳት፤ ከቀትር በፊት ወደ ጥላ እየገባን፣ ባሕሩ እጅግ ርቆ በሚሸሽባቸው ሰዓታት በእርጥብ አሸዋው ላይ ድክ ድክ እንድትል እንተዋት ነበር። ውሃው ሲሸሽ ባየች ቁጥር በእጇ ቻው ትለው ነበር።

ስንመለስ ለመነሻው ጡጦ ሰጠናት፤ ወደ ላይ ሲወጣ በጆሮ ውስጥ ያለው አየር በራሱ ስለሚተነፍስ ብዙም አልተቸገረችም። ቦሌ ስናርፍ ተኝታ ነበር፤ አልቀሰቀስናትም።