በየትኛው "ኃ"?

አንድ የሥራ ገጠመኝ ላካፍላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የምትጽፉ ሰዎች ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ባህር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዳታ ኢንኮደር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው የድሮ ሠራተኞች ስም በእጅ የተጻፈባቸውን ባሕር መዝገቦች ወደ ኤክሴል መገልበጥ ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአያት፣ የቅጥር ዘመን፣ የማህደር ቁጥር፣ በቃ። ፍጥነቴ ጥሩ ነበር ምክንያቱም ተማሪ እያለሁ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በትርፍ ሰዓቴ እተይብ ነበር፣ ክፍያው በገጽ ስለሆነ ካልፈጠንክ ለምሳ እንኳን የሚሆን አታገኝም፣ እና እዛ የያዝኩት ልማድ ነው አብሮኝ የመጣው። ልማዱ እንዲህ ነው፦ አይኔን ወረቀቱ ላይ አንዴ ጣል አደርጋለሁ፣ ስሙን በሆዴ እለዋለሁ፣ ከዛ አይኔ ኪቦርዱ ላይ ነው፣ በአራት ጣት ቶሎ ቶሎ እመታና ወደሚቀጥለው። ወረቀቱን ተመልሼ አላየውም። በቀን ሁለት መቶ ስም አስገባ ነበር፣ አለቃዬም በጣም ደስተኛ ነበሩ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ሁላችንም የኔታ ነበር የምንላቸው። ልጅ እያሉ ዘጌ በኩል የቆሎ ተማሪ ሆነው ቁም ጽሕፈት ተምረዋል፣ እጃቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ልክ እንደታተመ ነው። ኮምፒውተር አልነኩም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስለ ብራና ያወሩን ነበር፣ መስመሩ በወስፌ እንደሚሰመር፣ ብዕሩ ከመቃ ተቀርጾ እንደሚሠራ፣ ጥቁሩ ቀለም ለጽሑፉ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳን ስም እንደሆነ፣ አንድ ፊደል ከተሳሳትክ ደግሞ ቆዳውን በቢላ ፍቀህ ነው የምታጠፋው። እኔ ያኔ ጥሩ ወሬ ነው ብዬ ነበር የምሰማው፣ ከኔ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየኝም።

ክረምት ላይ አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው እዚህ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ጥበቃ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተው ኋላ ያረፉ ናቸው፣ እሳቸው የጡረታውን ጉዳይ ለመጨረስ ከማህደሩ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። መስኮቱ ላይ የሚሠራው ልጅ ፈለገ፣ አጣ። ከቀበሌ ስማቸውን አስጽፈው ይምጡ አላቸው። በሳምንቱ አስጽፈው መጡ። ልጁ ደብዳቤው ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አስገብቶ ፈለገ፣ አሁንም የለም።

"እማማ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም።"

"ኧረ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላበት ቤት ነው እኮ።"

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡ ቀን እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ከዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ዝናብ መቷቸው ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፣ እጃቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ከፈቱት ፎቶ ነው፣ ባለቤታቸው የጥበቃ ካፖርት ለብሰው ከግቢው በር ፊት ለፊት ቆመው። ስም ከጠፋ መልኩን የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብለው ነው ያመጡት። ያን ፎቶ እስካሁን አልረሳውም፣ ጥግ ጥጉ ተበልቷል፣ ከኋላው በእስክሪብቶ ስም ተጽፎበታል።

የኔታ ከመደርደሪያው መሀል ሰምተው መጡ። "መቼ ተቀጠሩ እመይቴ?" አሏቸው። "ሰባ ሁለት።" የኔታ የ1972ን ባሕር መዝገብ አወረዱ፣ አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉት፣ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እየሳቡ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቆሙ። አለ። ከነማህደር ቁጥሩ።

እኔ ደነገጥኩ ምክንያቱም የ1972ን መዝገብ ያስገባሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ መስመር የዘለልኩ ነበር የመሰለኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ሄጄ በማህደር ቁጥሩ ፈለግኩት፣ ወጣ! ሰውየው እዛው ናቸው። ስማቸውን ሙሉውን አልጽፈውም፣ ግን በ"ኃይለ" የሚጀምር ስም ነው። መዝገቡ ላይ "ኃይለ" ነው፣ የቀበሌው ደብዳቤ ላይ "ኃይለ" ነው፣ ፎቶው ጀርባ ላይ እንኳን "ኃይለ" ነው፣ እኔ ኤክሴል ላይ ያስገባሁት ግን "ሀይለ"። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ በትክክል ጽፎ ነው የፈለገው፣ ያጣው በኔ ነው።

የኔታ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና ድምፃቸውን ሳያነሱ "ልጄ፣ ይኼ እኮ ሀሌታው ነው፣ የሳቸው ብዙኃኑ ነው" አሉኝ።

ላላስታወሰ ልንገር፣ እኔም የፊደሎቹን ስም ከሕፃንነቴ ወዲህ ረስቼው ነበር። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። አማርኛ ስንናገር ልዩነታቸው አይሰማም፣ ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ጭራሽ አይተዋወቁም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ቁጥር ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ነው የተሰጠው፣ ሀ 1200 ነው፣ ሐ 1210 ነው፣ ኀ 1280 ነው። ፈልግ ስትለው የሚያመሳክረው ቁጥሩን ነው እንጂ ድምፁን አይሰማም። ስለዚህ ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ልትሆን ትችላለች፣ "ሥ" በሁለት ይጻፋል፣ ይኼው 12፣ አንዱ ነጥሎ አንዱ ገጥሞ ሲጽፈው ደግሞ 24። "ሴ"ን ገና ሳንነካት ነው ይሄ። ሩቅ ሳንሄድ የራሳችን ከተማ ስም እንኳን አንዱ ሰሌዳ ላይ ባሕር ዳር ነው አንዱ ላይ ባህር ዳር፣ እኔ ራሴ እዚህ ስጽፍ በየቱ እንደጀመርኩ አይታችኋል፣ ልማድ ነው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ እና ሳስበው ነገሩ ከፊደል እውቀት በላይ ሆኖ አገኘሁት። የኔታ መዝገቡን ያኔ ከሌላ ወረቀት በእጅ ሲገለብጡ ቅርፁን ነው የገለበጡት፣ ኃ ካለ እጃቸው ኃን ይስላል፣ ሌላ መንገድ የለውም። እኔ ስተይብ ግን ድምፁን ነው የምገለብጠው። ስሙን አየዋለሁ፣ በሆዴ ወደ ድምፅ እቀይረዋለሁ፣ ጣቴ ደግሞ ድምፁን ሰምቶ የቀለለውን ቁልፍ ይመታል። እኔ በለመድኩት አጻጻፍ ኤችን ስትነካ የሚመጣው ሀሌታው ነው፣ ሐመሩ ሺፍት ይፈልጋል፣ ብዙኃኑ ደግሞ ከዛም ተጨማሪ ምት አለው፣ እና በቀን ሁለት መቶ ስም የሚያስገባ ጣት ሁልጊዜ የቅርቡን ነው የሚመርጠው። የሰው ስም መርጬ የቀየርኩ አይደለሁም ግን ቀይሬዋለሁ።

ፊደሉ ይቀነስ የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ክርክሩም የቆየ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው መታወቂያው፣ የልደት ካርዱ፣ የጡረታ ደብተሩ ላይ ያለን ስም ግን እኔ ተቀምጬ የመቀነስ መብት የለኝም።

በማግስቱ ለአለቃዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ከባድ ነበር ግን ነገርኳቸው። ያስገባሁት በሙሉ እንዲታረም ተስማማን። አጻጻፌን ከሥሩ ነው የቀየርኩት፣ መዝገቡን በግራ በኩል ቀና አድርጌ አቆምኩት፣ አይኔ ከሱ እንዳይነሳ፣ ጣቶቼን ደግሞ ኤፍ እና ጄ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ጉብታ እየዳበሱ ቦታቸውን እንዲይዙ አለማመድኳቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ስቃይ ነው፣ ከሁለት መቶ ወደ ስልሳ ወረድኩ። ለፍለጋ ደግሞ ከስሙ አጠገብ ሌላ ኮለም ጨመርን፣ እሱ ላይ ሃም ሐም ሓም ኀም ኃም ሁሉም ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እያንዳንዱ ከነሰባት ቅርፁ፣ በፎርሙላ ይቀየራሉ፣ ክፍተቱም ይጠፋል፣ የሚፈልገው ሰው የሚጽፈውም እንደዛው ተቀይሮ እዛ ኮለም ላይ ይፈለጋል። ዋናው ስም ግን እንደ መዝገቡ ነው የሚቀመጠው፣ አይነካም። ይሄን በብዙ ቢሮ ብትሠሩት ስንት ሰው ከመመላለስ ይድናል፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እኚያ እናት ደብዳቤያቸውን ስሙ የተገኘ ዕለት ነው የወሰዱት። የተየብኩት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ ስሙን ከመዝገቡ አይቼ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ከዛ ከወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር። ይቅርታ ስጠይቃቸው ምን እንዳጠፋሁ በደንብ የገባቸው አይመስለኝም፣ "ምን አደረግሽኝና የኔ ልጅ፣ አገኘሽልኝ እኮ" ነው ያሉኝ፣ እሱ ባሰብኝ። ደብዳቤውን ከፎቶው ጋር አድርገው ፌስታሉን ሁለቴ ቋጠሩት፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ጣና ላይ ውሃው ጀልባ ውስጥ ድረስ ይረጫል።

እርማቱ ብዙ ሳምንት ፈጀ። የኔታ አጠገቤ ወንበር ስበው ባሕር መዝገቡን ያነቡልኛል፣ እኔ እያየሁ አስገባለሁ፣ ፊደሉ አጠራጣሪ ሲሆን ስሟን ይጠሯታል፣ "በንጉሡ"፣ "በዐይኑ"፣ "ይቺ በጸሎቱ ናት"። 1972 ላይ እዛች መስመር ስንደርስ ትንሽ ዝም አሉ።

"በብዙኃኑ" አሉኝ።

ጻፍኩ። መልሼ መዝገቡን አየሁ።