«1 የብር ቀለበት፣ ለጥገና»

ደረሰኙ ላይ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው። ቀን አለው፣ ስም አለው፣ ቀብድ አለው። ስለ ፈርጡ ግን አንዲት ቃል የለችም።

ደብረ ብርሃን አንድ ወርቅ ቤት ነው የምሠራው። በ2015 ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ ሥራ ተከምሮ፣ መብራቱም መጣሁ ሄድኩ እያለ ሲያላግጥብን፣ አንዲት እናት ከመንዝ መጡ። የብር ቀለበታቸው ከሥሩ ተሰንጥቋል። መሃሉ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ፣ ቡናማው፣ አለ፤ ሲያዞሩት ከውስጡ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ይላል። «አባቴ ከአንኮበር ያመጡት ነው፤ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው» አሉኝ።

እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ቡናማ ኦፓል እኛ አገር የመዘዞ ነው። የመዘዞ ኦፓል ደግሞ ስሙ የወጣው ገና በእኛ ዘመን ነው፤ የወገል ጤናው የወሎ ኦፓል ከእሱም በኋላ፣ በ2000 ገደማ ነው የመጣው። በአንኮበር ጊዜ ማን ያውቀዋል? ኋላ ሳስበው ግን ድንጋዩ ነጋዴ እስኪሰማ መሬት ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ድሮ አንድ እረኛ ከገደል ሥር አንሥቶት ይሆናል። ብቻ ያ ሳቅ አዘናጋኝ። ተራ ነገር መስሎኝ አልመዘንኩትም።

ኦፓል እሳት አይችልም። ውስጡ ውሃ አለ። ስለዚህ ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ፈርጡን ታወጣለህ። አወጣሁት። የመዘዞ ድንጋይ ሲደርቅ የመሰንጠቅ አመል ስላለው በእርጥብ ጥጥ ጠቅልዬ ባዶ የክብሪት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በወርቅ ቤት፣ ካዝና አጠገብ ተቀምጬ፣ የክብሪት ሣጥን!

በማግስቱ የለም።

ቤቱን ገለበጥነው። የተጠረገውን አቧራ ሳይቀር በወንፊት አበጠርነው። አለቃዬ፣ ጋሼ እንለዋለን፣ እኔን ከመስደቡ በፊት ደረሰኙን ጠየቀ። አየውና ዝም አለ። ያ ዝምታ ከስድቡ ይብሳል። ለእማማ ካሣ ሊከፍል ተነሣ፤ እሳቸው ግን «ገንዘብህን ያዝ፣ ድንጋዬን አምጣ» ብለው የተበየደውን ቀለበት መሃሉ ባዶ እንደሆነ ጣታቸው ላይ አጥልቀው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጡ ቁጥር በር ላይ ይቆማሉ።

«ተገኘ?»

«አልተገኘም እማማ።»

«እሺ።»

ከዚያ አንድ ሰሞን መምጣት ተዉ። እውነቱን ልናገር፣ እፎይ አልኩ።

በ2018 ጥቅምት መጨረሻ ስልኬ ላይ የፍሎሬንታይን አልማዝ ወሬ አየሁ። እኛ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ይሄን ድንጋይ በስም ያውቀዋል፤ 137 ካራት ገደማ የሚመዝን፣ ቢጫ፣ መቶ ዓመት የጠፋ። የፍሎረንስ ገዢዎች የሜዲቺዎች ነበር። በፈረንጆቹ 1737 የመጨረሻው መስፍናቸው ወራሽ ሳይተው ሲሞት ግዛቱ ለሎሬኑ ፍራንሲስ ተሰጠ፤ ሰውዬው የማሪያ ቴሬዛ ባል ነውና አልማዙም በኦስትሪያ ገዢ ቤተሰብ፣ በሀብስበርጎች፣ እጅ ገባ። በ1918 መንግሥታቸው ሲወድቅ ንጉሠ ነገሥት ካርል ጌጣጌጡን ወደ ስዊዘርላንድ አሸሸ። ከዚያ በኋላ ያልተባለ የለም፤ ተሰርቋል፣ ተቆራርጦ ተሸጧል። ለካ ሚስቱ ዚታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትሰደድ ይዛው ካናዳ ገብታ ኖሯል። ኩቤክ ባንክ አስቀምጣ፣ ካርል ከሞተበት ከ1922 ጀምሮ መቶ ዓመት እንዳይወራ አደራ ብላ!

እኔን የገረመኝ ግን መደበቁ አይደለም። ድንጋዩ ሲወጣ «እሱ ነው» ለማለት ተቻለ። ለምን? ታቨርኒዬ የሚባል የፈረንሳይ ዕንቁ ነጋዴ ገና በ1600ዎቹ አይቶ ጽፎታል፤ ከእሱ በኋላም ክብደቱ፣ ቀለሙ፣ አቆራረጡ ሁሉ ተመዝግቧል። የማን ነው የሚለው ግን በዚህ አላለቀም። ቤተሰቡ የግል ንብረታችን ነው ይላል፤ ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ የመንግሥት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ሪፐብሊኩ በ1919 የሀብስበርጎችን ንብረት በሕግ ወርሶ ነበርና።

ይህን ባነበብኩ በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ጠረጴዛዬን ልንቀይር ስናነሣው የክብሪት ሣጥኑ ከግድግዳውና ከመሳቢያው ጀርባ መሃል ተሰንቅሮ ተገኘ። ጥጡ ደርቋል። ድንጋዩ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

ደወልን። እማማ ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል።

ሦስት ሰው መጣ። ወንድ ልጃቸው ደረሰኙን ይዟል። ሴት ልጃቸው ቀለበቱን አጥልቃለች፤ እናቷ ድንጋዩ ከተገኘ ለማርያም ስለት ተስለዋል ትላለች። የእማማ የወንድም ልጅ ደግሞ «የአያታችን ነው፣ መቼ ተከፋፈልን?» አለ። ቢጠፋ ኖሮ ሦስቱም አንድ ላይ ይረግሙኝ ነበር፤ ሲገኝ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ላይ ልጅየዋ ድንጋዩን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ አይደለም። የእናቴ እሳት ነበር።»

ምን ልበላት? ሲደርቅ ብርሃኑ ይሞታል ብዬ አስረዳኋት። አላመነችኝም፤ እኔም እሷን ብሆን አላምንም። ክብደቱን አልጻፍኩ፣ ልኩን አልጻፍኩ፣ ፎቶ አላነሣሁ። የቀረን ቀለበቱ ነው። ከጣቷ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ድንጋዩን በፒንሴት ይዤ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ተቀመጠ፤ ግን በአንድ በኩል ትንሽ ይወዛወዛል። ያኔ ስበይድ ፈርጡን የሚይዙትን ጥርሶች ያጎበጥኳቸው እኔው ነኝ። ስለዚህ ልክ ቢገባም ባይገባም ማስረጃ አይሆንም።

ጋሼ ድንጋዩን መዘነ፤ 4.3 ካራት። ቀለሙን፣ ስንጥቁን፣ ርዝመቱን ጽፎ ሦስቱንም አስፈረመና ፖስታ ውስጥ አሽጎ ካዝና ከተተው። «የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይዛችሁ ኑ፣ ለስምምነታችሁ እሰጣለሁ» አላቸው። ፖስታው እስካሁን እዚያው ነው።

ሴት ልጃቸው ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች። እናቷ የሚቆሙባት ቦታ ላይ።

«ስንት ጊዜ መጣች?» አለችኝ።

«አልቆጠርኩም» አልኳት።