ወታደር የሌላቸውን የአሜሪካ ምስጦች በአንጀታቸው እንዴት ለየኋቸው

የምስጥን ዓይነት ለመለየት የወታደሩን፣ ማለትም ጎጆውን የሚጠብቀውን ምስጥ፣ ጭንቅላት ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በፓናማና በብራዚል ደኖች የሚኖረው ናሱቲተርሜስ ወታደሩ ግንባሩ እንደ ቀሰም የሾለ ነው፤ ከጫፉ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ሲረጭ ያየ ሰው ከሌላ አያምታታውም። አገር ቤት ኩይሳ የሚገነባው ማክሮተርሜስ፣ በአሜሪካ አህጉር ፈጽሞ የማይገኘው፣ በትልቅ መንጋጋው ይታወቃል። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኳቸው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ አፒኮተርሚቲኔዎች የሚባሉት የምስጥ ንዑስ ቤተሰብ አባላት ግን ወታደር የላቸውም። ያለው ሠራተኛው ብቻ ነው፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ የበላው አፈር በስስ ቆዳው ውስጥ ጠቁሮ የሚታይ።

የስማቸው ጣጣም የመጣው ከዚሁ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ፍሪትዝ ሙለር በብራዚል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1873 አኖፕሎተርሜስ የሚለውን ወገን (ጂነስ) ከሰየመ በኋላ፣ ወታደር ያልተገኘለት ምስጥ ሁሉ፣ የአፍሪካው ሳይቀር፣ በዚያ ስም ሥር ይከማች ነበር። የአፍሪካዎቹን የምስጥ ተመራማሪው ሳንድስ በ1972 ለይቶ አወጣ። ከአሜሪካዎቹም ሌላው ተመራማሪ ማቲውስ በ1977 ግሪጂዮተርሜስንና ሩፕቲተርሜስን ለየ። ሥራው ዛሬም አላለቀም፤ እኔንም የሳበኝ ይኸው ነው።

መልሱ ያለው በአንጀት ውስጥ ነው። በ80 በመቶ አልኮል የቆየውን ሠራተኛ በማይክሮስኮፕ ሥር በጎኑ አስተኛና የሆዱን ቆዳ በሁለት ስል መቆንጠጫዎች ቀስ ብዬ እገፋለሁ። የተጠቀለለው አንጀት ሙሉውን ሲወጣ፣ የኋለኛው አንጀት የመጀመሪያው ክፍል ከቀጣዩ ሰፊ ከረጢት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እፈልጋለሁ። የምግቡን መተላለፊያ የሚቆጣጠረው በር እዚያ ነው። ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ በቁመቱ እሰነጥቀዋለሁ፣ የተጣበቀውን አፈር በቀጭን ብሩሽ ጠርጌ ውስጡን ወደ ላይ አድርጌ በመስታወት ላይ እዘረጋዋለሁ። ይህ ጠረጋ ትዕግሥት ይፈታተናል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር ዋናውን ነገር ትሸፍናለች። ከጸዳ በኋላ ግን የበሩ እጥፋቶች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። በአንዱ ወገን እኩል ናቸው፣ በሌላው ጥቂቶቹ ከቀሩት ይረዝማሉ፤ አንዱ እሾህ አለው፣ ሌላው ቅርፊት ብቻ። ከውጭ መንታ የሚመስሉ ሁለት ሠራተኞች በዚህ በር ሲለያዩ ማየት እስካሁን ያስደስተኛል።

የዘረመል ምርመራ ትልቅ ረዳት ነው፤ የትኛው ናሙና ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ ያሳያል። ስም ግን በእርሱ ብቻ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ስም የሚጸናው ቀድሞ ከተሰየመው ናሙና ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ገለጻዎች ደግሞ የተጻፉት የአንጀቱ ነገር ሳይነሣ በክንፋሞቹ፣ ማለትም ለመራባት ከጎጆ በርረው በሚወጡት ምስጦች፣ ላይ ተመሥርተው ነው። ስለዚህ ክንፋሞች በሚወጡበት ወቅት ከሠራተኞቹ ጋር ከአንድ ጎጆ መሰብሰብ እጅግ ይጠቅማል። ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ ካልተገኙ የአሮጌው ስም ባለቤት ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ይከብዳል።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው የምለው፦ ከአንድ ጎጆ ብዙ ሠራተኞችን ያንሣ፣ በሩ ሲሰነጠቅ በቀላሉ ይቀደዳልና። ለዘረመል የሚሆኑትን 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ለብቻ ያኑር። ሩፕቲተርሜስን በመቆንጠጫ አይጫን፤ ሠራተኛው ሲነካ ራሱን አፈንድቶ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል፣ በለስላሳ ብሩሽ አንሥቶ በቀጥታ አልኮል ውስጥ መክተት ይሻላል። ቦታውንና ቀኑን የያዘው ወረቀት በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ የተለመደው የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።