ተአምርሽን እናገራለሁ ብዬ ነበር

ለጻድቃኔ ማርያም የተሳልኩት ሁለት ነገር ነው። ጧፍና ዕጣኑን አድርሻለሁ። የቀረኝ «ተአምርሽን እናገራለሁ» ያልኩት ነው። ይኸው።

ልጄን ደብረ ብርሃን በኦፕሬሽን ወልጄ፣ ለአራስነት መንዝ እናቴ ቤት ገባሁ። በኦፕሬሽኑ ምክንያት አንቲባዮቲክ ወስጄ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ልጅቷ ጡት ይዛ እሪ እያለች መልቀቅ ጀመረች። ምላሷና የጉንጮቿ ውስጥ ነጭ ሆኗል። ወተት መስሎኝ ብጠርገው አልለቅ አለ። የእኔም የጡቴ ጫፍ ሚጥሚጣ እንደነካው ያቃጥላል። ጠብታ ስትጨርስ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይወጋኛል። አራስ መቼም ያማታል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

እናቴ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት» አለች። እኔንም በሕፃንነቴ አስቆርጣኛለች። ለልጄ የምትሆነውን ስለማውቅ እሺ አልኳት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ብትሞትብኝስ? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር።

ቀኑ 21 ነበር። ቆራጩ «በማርያም ምላጭ አልይዝም፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ላከ።

ያን ሌሊት ልጄን ታቅፌ አለቀስኩ። «እመቤቴ፣ አንቺም አጥብተሻል። ምላጭ ሳይነካት ድረሽልኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

በማግስቱ፣ ቆራጩ ሳይደርስ፣ ለበዓሉ ከከተማ የመጣች የጎረቤት ልጅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትለኝ ገባች። ነርስ ናት። የልጄን አፍ በስልኳ መብራት አየች። ከዚያ «አንቺስ ጡትሽን ያምሻል?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እንባዬ መጣ።

«ፈንገስ ነው። አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ ይከሰታል። እንጥሏ ምንም አልሆነም፤ ብትቆረጥ ደም ይፈሳታል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል» አለች። ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሄድን። ለልጄ ናይስታቲን የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ጠብታ፣ ከጠባች በኋላ በቀን 4 ጊዜ። ለእኔ የጡት ጫፍ ቅባት። «አንዳችሁ ብቻ ከታከማችሁ እየተቀባበላችሁ ይመላለስባችኋል። ማጥባቱን አታቋርጪ። ነጩን እየፋቅሽ አታድሚያት። ጠፋ ብለሽም መድኃኒቱን ቶሎ አትተዪ» ተባልኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጄ ሳታለቅስ ጠብታ ጡቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች።

እናቴ አሁን አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ገና ሳትቀመጥ «ልጄ፣ ጡትሽን ያምሻል?» ትላለች።