ከኋላ መቀመጫው ጎን ያለው መተንፈሻ

ሃይብሪድ መኪና ስገዛ ሻጩ ያወራልኝ ስለ ነዳጅ ቁጠባው ብቻ ነበር። ከኋላ መቀመጫው ጎን ስላለው የባትሪው አየር ማስገቢያ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቦርሳዬን የማስደግፈው እዚያው ላይ ነበር።

መኪናው የሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ነው። አነዳዱን መልመድ አላስቸገረኝም። በኤሌክትሪክ ይነሳል፣ ፍጥነት ሲጨምር የቤንዚን ሞተሩ ይገባል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ ፍሬን ከሩቅ ጀምሮ በስሱ ነው የሚያዘው። ድንገት ከተረገጠ አብዛኛው ጉልበት በፍሬኑ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። መንገድ ሲዘጋጋ ማርሹን ኒውትራል ላይ የሚያደርጉም አሉ፤ እኔ አላደርገውም፣ እዚያ ላይ ባትሪው አይሞላምና።

አንድ ቀን ዳገት ስወጣ የባትሪው ምልክት በጥቂት ደቂቃ ከሙሉ ወደ ባዶ ወረደ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ወዲያው ሞላ። ቶሎ መሙላቱን የጤና ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ቶሎ እየሞላ ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ አቅሙ የወረደ ባትሪ ነው። ቀጥሎ ከኋላ፣ በዚያ መተንፈሻ አየር እየሳበ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው የፋኑ ጩኸት በረታ፣ ከሰነበተ በኋላም ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ ሦስት ማዕዘን የማስጠንቀቂያ መብራት በራ።

ጋራዥ ወሰድኩት። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ፒ0ኤ80 ነበር፤ የሃይብሪድ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። መካኒኩ ባትሪውን ፈቶ፣ መኪናው በቆመበት ቮልቱን ለካና «አንዷ ሞጁል ናት የሞተችው፣ እሷን እንቀይራለን» አለኝ፤ ሞጁል ማለት ትልቁ ባትሪ ከተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ ነው። የለካውን አሳየኝ አላልኩትም። ከሌላ መኪና የወጣ ሞጁል ከተተበት፤ መብራቱም ጠፋ።

አምስት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ በራ። ስመለስ «መጀመሪያም ሙሉውን ቀይር ብዬህ ነበር» አለኝ። አላለኝም! አሁንም ሳስበው ይነደኛል።

ያኔ ያላወቅሁት ይህን ነው። ባትሪው 28 ሞጁሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ ሞጁል ስድስት ሴል፣ 7.2 ቮልት፤ ሲደመር 201.6 ቮልት። በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሆነ ደካማው ቀድሞ ይራቆታል፣ ቀድሞም ይሞላል። ባዳ ሞጁል ከሌሎቹ ጋር ሳይመጣጠን ከገባ ያንኑ ችግር መልሶ ያመጣል። ደግሞም ጭነት በሌለበት፣ ማለትም ከባትሪው ኃይል ሳይሳብ፣ ሲለካ የታመመውም ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው መካኒክ ስካነሩን ሰክቶ ዳገት እየነዳ ለካ። ኮምፒውተሩ ሞጁሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ አንደኛው ጥንድ ከጎረቤቶቹ በ1.2 ቮልት አንሷል። ያ የአንድ ሴል ቮልት ነው። ከዚያ ፋኑን ፈታ። ክንፎቹ መሃል አቧራና ፀጉር ተጋግሮ እንደ ባና ወፍሯል፤ በጣቴ ስቤ እንደ ጨርቅ ቀደድኩት። ሞጁሎቹን የሚያያይዙት የመዳብ ሳህኖችም አረንጓዴ ሆነዋል። «ወንድሜ፣ መተንፈሻው ላይ ምን ታስቀምጥ ነበር?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። መኪናው አልበደለኝም፤ ባትሪውን በሙቀት ያፈንኩት እኔው ነኝ። የመጀመሪያው መካኒክም ፋኑን ቢያየው ኖሮ ሁለቴ ባልከፈልኩ።

ሙሉውን በአዲስ ቀየርኩ። «ይህ ባትሪ እንክብካቤ አይፈልግም» የሚሏችሁን አትስሙ፤ ፋኑን በዓመት አንዴ አስጠርጉ። ባትሪውን ግን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸው ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ይገድላሉ። አንድ ሞጁል ብቻ ይቀየር ካሏችሁ ሁሉም በጭነት ተለክተው ቁጥሩን እያያችሁ፣ የሚገባውም ከሌሎቹ ጋር ተመጣጥኖ ይሁን። ያለዚያ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ሌላም አለ። ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃው ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ሲደክም መኪናው ጭራሽ አይነሳም፣ ዳሽቦርዱም ይዘባርቃል፤ ሰው ግን በትልቁ ላይ ይፈርዳል። ትንሹን ሳታስለኩ ስለ ትልቁ ምንም እሺ አትበሉ።