ዘይት ውስጥ የተነከረ ኮምፒውተር በድሬ ሙቀት፦ እስካሁን የተደረሰበት

ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ቤት ውስጥ አየር 35 ዲግሪ ሲጠጋ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ የሚነፋው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው አቧራም የሂት ሲንኩን (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚበትነውን ብረት) ክንፎች ይደፍናል። ኮምፒውተሩ ዘይት ውስጥ ሲነከር የአቧራው ነገር ያበቃለታል። ሙቀቱን ግን ዘይት ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡን እንየው። አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን የማዕድን ዘይት 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 40 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል። 200 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ይህን በ200 ሴኮንድ ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ በተነከረበት የመስታወት ገንዳ ግድግዳ በኩል የሚወጣው ሙቀት ካልተቆጠረ፣ በ33 ዲግሪ የጀመረ ዘይት በአንድ ሰዓት ተኩል 60 ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ልኬት አያታላችሁ፤ ሙሉ ጭነት ላይ ለ6 ሰዓት አቆይታችሁ ለኩ። ራዲያተር (ዘይቱን የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) የሌለው ገንዳ ለጽሕፈት ሥራ ይበቃል፤ ለጌምና ለቪዲዮ ግን አይሆንም።

ዘይቱ ሽታም ቀለምም የሌለው ነጭ የማዕድን ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት በዚህ ሙቀት ይሻግታል፣ እየቆየም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተቀዳውን ጭራሽ አትንኩት፤ ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ማከማቻ) ይነከራል። ሃርድ ዲስክ ግን በመተንፈሻ ቀዳዳው ዘይት ስለሚገባበት ውጭ ይቀመጥ። የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ አንሱና ማራገቢያ የለም የሚለውን ማስጠንቀቂያ ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው ማስተካከያ) አጥፉ። ዘይቱ ሳይሞቅ ፕሮሰሰሩ ከወር ወር ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እየታጠበ ነው፤ በኢንዲየም ፎይል (ለስላሳ ስስ ብረት) ተኩት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ገመድ ነው። ዘይት በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክሮች መሃል እንደ ፋኖስ ክር ሽቅብ ይሳባል፣ የገንዳውን ጠርዝ ያልፋል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ስክሪኑ ሥር ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም የሚያክል ክብ የዘይት ጠብታ ታገኛላችሁ። መፍትሔው ማዘርቦርዱን (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) የመሰኪያ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ እንዲቆም ማድረግና ዘይቱን ከመሰኪያዎቹ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ መሙላት ነው። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ውጭ ከቀረ ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ባለ 24 ፒን ገመድ ዘይቱን ያመጣበታል፤ ስለዚህ እሱም የ220 ቮልት መሰኪያው ከዘይቱ በላይ ሆኖ ይነከር። የፓወር ሰፕላዩን ሽፋን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ራዲያተሩ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ክፍሉን መልሶ ያሞቀዋል፤ ከግድግዳው ውጭ ጥላ ያለበት ጎን ላይ ይሰቀል። ሐረር ያላችሁ አየሩ ስለሚያግዛችሁ ክፍል ውስጥም ይሠራላችኋል። ዘይቱን በገንዳውና በራዲያተሩ መሃል የሚያመላልሰው ቱቦ ተራ ፕላስቲክ ከሆነ በዘይት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የነዳጅ ጎማ ቱቦ ግዙ። የጋለው ዘይት ወደ ላይ ስለሚወጣ ፓምፑ ከላይ ይሳብ፣ የቀዘቀዘው ከታች ፕሮሰሰሩ አጠገብ ይግባ። ዘይቱን ወደ ገንዳው በሚመልሰው ጎማ ላይ ከዘይቱ ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱበት። ጎማው ውጭ ቢበጠስ ዘይቱ እዚያ ቀዳዳ ጋ ሲደርስ አየር ይገባና መፍሰሱን ያቆማል፤ ያለዚያ ገንዳው ሙሉ በሙሉ ወለሉ ላይ ይገለበጣል።